አታጥፊው

በእኔ ሰዓት ዘጠኝ፣ በግድግዳው ሦስት፣ ደወሉ ሲያባራ
ሕንፃው ለእኔ ይቀራል፣ ለባልዲዬ፣ ለወንበሩ ተራ።
ሦስተኛው ፎቅ ድርሻዬ ነው። ከመስኮቱ ማዶ
ሐይፋ ቁልቁል ወርዳ ወርዳ ባሕሩ ዳር ቆማለች፣
ክሬኖቿን ቀስራ መርከብ ልትጠራ።

ኮሪደሩ ላይ አዲስ ነገር ተለጥፏል።
በማታ ትምህርት ያጠራቀምኳትን ዕብራይስጥ
እንደ ፈሰሰ ሽምብራ በጣቴ ለቀምኳት፦
«ትምህርት ቤት በኦሳካ»።
ጃፓን ያለች ትልቅ ከተማ ናት ለካ!
ኢታማር የሚሉት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ
ሁለት ሳምንት እዚያ ወጣ ገባ ብሎ
ያየውን ትቶልናል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ።

አንዱ ፎቶ ላይ ልጆች ተንበርክከዋል፣
ራሳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ እጃቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ፣
ይፈትጋሉ ወለሉ እስኪያብረቀርቅ።
ከሥሩም «እዚህ» ይላል «ለጽዳት ሰው አይቀጠርም፤
የተማረበት ያጸዳል፤ ይህም ትምህርት ነው።»

ባልዲዬን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣
ጥሩ እናት ያሳደገችውን ልጅ ያየሁ መሰለኝ።
ቀጥሎ ሆዴን አንድ ነገር ቆረጠኝ፦
ኦሳካ ብሆን ኖሮ
የቤት ኪራዬን ማን ሊከፍልልኝ?

ልጄ ሊያትም እዚሁ ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል።
ኮሪደር ላይ ስታልፍ ሰላም ትለኛለች፣
በዓይኗ ብቻ፣ የጠብታ ያህል።
አልቀየምም። እኔም በእሷ ዕድሜ
እናቴ ገበያ መሐል «ስንዱ!» ብላ ስትጠራኝ
ከጨው ነጋዴ ጀርባ ተደብቄያለሁ ቆሜ።

በወሩ መጨረሻ «የጃፓን ቀን» ተባለ።
መምህርት ኖጋ ለሁሉም ጨርቅ አደለች፣
«ዛሬ እኛ እናጸዳለን፣ ስንዱ ታርፋለች!»
አረፍኩ።
ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ።
እጄን የት ላድርገው? ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣
የሰው ዕቃ አደራ እንደ ተቀበለ ሰው ጠበቅሁት።
ኢታማር ባልዲ ደፋ፣ አንዷ ሳሙና አበዛች፣
አንዱ መወልወያውን እንደ ጎራዴ መዘዘ፤
ሳቃቸው ደስ ይላል፣ መቼም ልጅ ነው።
ፎቶ ተነሡ። ወደ አውቶቡሳቸው ወረዱ።
አረፋው ደግሞ ደረጃ በደረጃ እነሱን ተከትሎ ወረደ።
ከላይ እስከ ታች ደገምኩት።
በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አምሽቼ አላውቅም፣
በዕረፍቴ ቀን።

መጨረሻ የደረስኩት ክፍል ሠላሳ አራት ነው።
ነጩ ሰሌዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሞልቷል፣
ፊደል ከቁጥር ተጋብቶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ታዝሎ፣
የባግሩት ሒሳብ፣ ባለ አምስቱ፣ የሚፈራው።
ታች፣ ጥጉ ላይ፣ በቀይ፣ በማውቀው የእጅ ጽሑፍ፦
«አታጥፊው። ነገ ፈተና አለ።»

«አይጥፋ» ማለት ይቻላል፤ ሌላው እንዲያ ነው የሚጽፈው፣
ለማንም፣ ለግድግዳው፣ ለነፋሱ።
ይህ ግን «አንቺ» ይላል።
በዚህ ሕንፃ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ
«አንቺ» የምትባል እኔ ብቻ ነኝ።

ጨርቄን አጥብቄ ጨመቅሁት።
የሰሌዳውን ጠርዝ፣ ዙሪያውን፣ በቀስታ ወለወልኩ፣
የተኛ ሕፃን አፍ እንደሚጠረግ፣
አንዲት ቁጥር ሳልነካ።
ምን እንደሚል አላውቅም። የሱንም ያህል ግን
መሐል ላይ አንዷ ኤክስ በክንድ ታሽታ
ልትጠፋ ደርሳ አየኋት።
ማርከሩን አነሣሁ፤ ግራ ቀኝ አየሁ፤ ማንም የለም።
ሁለት ሰረዝ ናት፣ የተጠላለፈች፣
የዘንቢል ስፌት የመጀመሪያዋ ጥልፍ።
ደገምኳት። ትንሽ ወፈረችብኝ።

ከዚያ ማጥፋት ያለብኝን አጠፋሁ፣
መብራቱን።